ስለ ኬጂ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ምዝገባ ሊጀመር ስለሆነ ጥያቄ በዝቶብኛል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ ላድርገው ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፣ ብዙ ዓመት አፀደ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፤ አሁን የኬጂ መምህራንን አሠለጥናለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ከ6 ወሩ ነው፣ ነርሰሪ ነው። በየቀኑ ሁለት ገጽ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። እርሳስ ሳስይዘው ያለቅሳል። ሰነፍ ሊሆንብኝ ነው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! በዚህ ዕድሜ ጣቶቹ መስመር ጠብቀው ለመጻፍ አልደረሱም። ሊጥ ስጪውና ይጠፍጥፍ፣ ዶቃ ይሰካ፣ ጋዜጣ ይቅደድ፣ በጠመኔ መሬት ላይ ይሞነጫጭር። እጁን ለጽሕፈት የሚያዘጋጀው ይኼ ነው። መምህሯ ላይ ግን አትፍረጂ፤ አብዛኞቹ ይህን ያውቁታል። ወላጅ ደብተር ገልጦ ባዶ ሲያገኝ "ለምኑ ነው ታዲያ የምከፍለው?" ብሎ ቢሮ ይሄዳል፣ ዳይሬክተሩ መምህሯን ይጠራታል፣ እሷም በማግስቱ የሁሉንም ልጅ እጅ በየተራ ይዛ ስታስጽፍ ትውላለች። የቤት ሥራው የሚሰጠው ለአንቺ ነው። ሄደሽ "እኔ አልፈልገውም" በያት፤ ደስ ነው የሚላት።

ጥያቄ፦ (አባት፣ ከአዳማ) የጎረቤት ልጅ በእንግሊዝኛ ይዘፍናል። የእኔ ልጅ ኬጂ 2 ደርሳ ከ"ጉድ ሞርኒንግ" አላለፈችም። ትምህርት ቤት ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእንግሊዝኛ ብለህ አትቀይር። መምህሯ ራሷ እንደ ልቧ በማታወራበት ቋንቋ ሲያስተምሯት የክፍሉ ወሬ "ሲት ዳውን" እና "ሪፒት አፍተር ሚ" ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልጅ "ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው?" ብላ በአፏ ስትጠይቅ መልሱ "ኖ አማርኛ፣ ኖ ኦሮምኛ" ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ዋናው ትምህርቷ እሱ ወሬ ነበር፤ መጠየቅ፣ ማስረዳት፣ "ከዚያስ?" ማለት። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለልጅ እንደሚጠቅም በግልጽ ጽፎታል፤ የግል ኬጂዎች ግን የሚከተሉት ገበያውን ነው። ዘፈኑን ትልመደው፣ ክፋት የለውም። ማታ ግን በቤታችሁ ቋንቋ አስወራት።

ጥያቄ፦ ገጠር ዜሮ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን) አስተምራለሁ። 80 ልጆች፣ አንድ ክፍል፣ መጫወቻ የለም። ሥልጠና ላይ የሚነገረን ሁሉ ለ20 ልጅ የሚሆን ነው።

መልስ፦ እውነትሽን ነው። ነገሩ የመጣው ከፍጥነቱ ነው። በ2002 የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ሲወጣ ኬጂ የሚገባው ልጅ 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ እሱም በአብዛኛው ከፍሎ የሚያስተምር የከተማ ሰው ልጅ። ከዚያ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል ተከፈተና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ከ40 በመቶ አለፈ። ልጆቹ ገቡ፤ የሠለጠነ መምህርና በጀት በዚያው ልክ አልገባም። ቢሆንም መከፈቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ያንቺ ክፍል ባይኖር እነዚያ ልጆች እርሳስ እንኳ ሳይነኩ ነበር አንደኛ ክፍል የሚገቡት።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ 80ውን አንድ ላይ ለማስተማር አትሞክሪ። ግማሹን ውጭ አውጪ። ረዳት ከሌለሽ ከላይኛው ክፍል ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ለምኚ፤ ትልልቅ ልጆች ትንንሾቹን የሚያለማምዱበት አሠራር በአገራችን የታወቀ ነው። ውጭ ያሉት "ሰኞ ማክሰኞ" የሚባለውን ጨዋታ ይጫወቱ፤ ሚዛን፣ ቁጥር፣ ተራ መጠበቅ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። መሬት ላይ ገበጣ ቆፍሪላቸው፣ ጠጠርና ቆርኪ ሰብስቢ። እንቆቅልሽና ተረትማ በነፃ ነው።

ፊደል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሀ ሁ ሂ ብለው በዜማ እስከ ታች የሚወርዱ ልጆች "ሙ"ን ነጥለሽ ስታሳያቸው ከ"መ" ጀምረው ቆጥረው ነው የሚደርሱባት። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ድሮ ነቅተውበታል። ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ያስይዙታል፤ ተራው ሲዘበራረቅ በቃሉ ማነብነብ አያዋጣውማ። አንቺ ደግሞ ከየልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል ጀምሪ። 231ዱን በአንድ ዓመት ካላስጨረስኩ ብለሽ አትጨነቂ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኬጂ የገባ ልጅ በኋላ ይሻለዋል የሚለው በጥናት የተረጋገጠ ነው?

መልስ፦ እንደ ኬጂው ነው። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በ1960ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ የተጀመረው የፔሪ ጥናት ነው። 123 ድሃ ልጆችን እስከ 40 ዓመታቸውና ከዚያም በላይ ተከታትሎ፣ ኬጂ የተማሩት ካልተማሩት የተሻለ ገቢ እንዳላቸውና ወንጀል ውስጥ እምብዛም እንዳልገቡ አሳይቷል። ግን እዚያ መምህራኑ በደንብ የሠለጠኑ ነበሩ፣ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይሄዱም ነበር። በሌላ በኩል እዚያው አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆች የተካተቱበት ጥናት አለ። የመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ያገኙት ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካላገኙት ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው። ይህን ብዙ ሰው መጥቀስ አይወድም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የጃማይካው ነው፣ እሱን አንብብ። ኪንግስተን ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ እናቶችን ከልጅ ጋር መጫወት አለማመዷቸው። እነዚያ ልጆች 22 ዓመት ሲሞላቸው ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሕንፃ የለ፣ ዩኒፎርም የለ። እኛ ደግሞ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ሥራ ስለበዛባቸው እንዲሁ ይጨመርባቸው አልልም፤ ሰው ተጨምሮ ቢሞከር ግን ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው ያለሁት። ቤት ውስጥ አማርኛ ስናወራት ሁለቱን ቋንቋ ትቀላቅላለች። እንተው?

መልስ፦ እንዳትተዉ! መቀላቀል የተለመደ ነው፣ ጊዜ ሲያልፍ ይለያል። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ይሰጣታል፤ በ2008 (በእናንተ አቆጣጠር) በወጣ ሕግ ዲሲ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ነፃ ትምህርት አላት። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ሕጉ ይለያል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፣ ጎበዝ ነው። አንደኛ ክፍል ላስገባው?

መልስ፦ አይሆንም። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ነው። የ2015ቱ ፖሊሲም ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ አስቀምጧል።

ጥያቄ፦ ኬጂ ልመርጥ ስሄድ ምን ልይ?

መልስ፦ በሥራ ሰዓት ሂጂ እንጂ ቅዳሜ አትሂጂ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዪ። ከዚያ የሚያለቅስ ልጅ ፈልጊና መምህሯ ምን እንደምትለው አዳምጪ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትንም ሥዕሎች ተመልከቺ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ፀሐይ ከሆኑ የሣለችው መምህሯ ናትና ሌላ ቦታ ፈልጊ።