ጫፉ የተሸረፈ የክላርኔት ማውዝፒስ

ጥያቄ፦ የቢ ፍላት ክላርኔቴ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ) ወድቆ ጫፉ ተሸረፈ። በሱፐር ግሉ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ባስተካክለው ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፣ ይቀይሩት። በጫፉና በሪዱ (ሲነፋ በሚርገበገበው ስስ የሸምበቆ ምላስ) መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ትንሽ ሽራፊ እንኳ ሪዱ እኩል እንዳይገጥም ታደርጋለች፣ አየር ይወጣል፣ ድምፁም ያፏጫል። ሙጫ የሚያዋጣው ቡሹ የተጠመጠመበት፣ ክላርኔቱ ላይ የሚሰካው የታችኛው ክፍል ሲሰነጠቅ ነው።

ለጀማሪ ያማሃ 4ሲ (ክፍተቱ 1.05 ሚሊ ሜትር) ከ2 ወይም 2.5 ቁጥር (ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃ ነው) ሪድ ጋር ይስማማል። የኢ ፍላት ክላርኔት (አነስ ያለው ዓይነት) ማውዝፒስ ግን እንዳይገዙ፤ አይገጥምም።

የአዲሱ ማውዝፒስ ቡሽ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። በጉልበት ከገፉት በርሜሉን (ማውዝፒሱ የሚሰካበትን አጭር ቱቦ) ሊሰነጥቀው ይችላል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እኩል እየፈገፈጉ፣ በየመሃሉ እየሞከሩ ያሳንሱት፤ ከዚያ የቡሽ ቅባት ይቀቡት። ማውዝፒሱን ሲያጥቡ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ፍል ውሃ ቅርጹን ሊያጣምመው ይችላል።