ባቡር ዳገት አይወድም፦ የፒክ ዲስትሪክት የሳይክል ጥያቄዎቻችሁ

ሰኔ ከገባ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ በሙሉ የሳይክል ሆኗል። አብዛኛው ደግሞ ስለ አንድ ቦታ ነው፤ ስለ ፒክ ዲስትሪክት። ለማታውቁት፦ በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል የተዘረጋ ሰፊ ደጋ ነው። ከ1951 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ በብሪታንያም የመጀመሪያው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሰሜኑ እንግሊዞች «ሙር» የሚሉት ነው። ዛፍ ብርቅ ነው፤ ጥቁር ረግረግ አፈር፣ ነፋስ፣ በግ፣ ነሐሴ ላይ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ። ሄዘር ይሉታል። የእኛ አስታ ዘመድ ነው፤ ስሜን ወይም ባሌ ተራራ የወጣ ሰው ሲያየው ግር አይለውም። ደቡቡ ለስለስ ይላል፤ አረንጓዴ መስክ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጠባብ ሸለቆ።

«52 ዓመቴ ነው። ሳይክል የነዳሁት ልጅ እያለሁ ሐዋሳ በሰዓት እየተከራየሁ ነው። ልጆቼ አንድ ቅዳሜ አብረን እንውጣ ብለው ይዘውኛል። ዳገት እፈራለሁ፤ መኪናም እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?» (እናት፣ ከማንቸስተር)

እርስዎን የሚያወጣዎት የድሮ ባቡር ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከ150 ዓመት በፊት መሐንዲሶቹ ተራራውን በዋሻ እየበሱ፣ ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገሩ መስመሩን ደልዳላ አደረጉት። በ1960ዎቹ ብዙዎቹ መስመሮች ተዘጉ። ሐዲዱ ተነቀለ፤ ደልዳላው መንገድ ግን ቀረ። ዛሬ መኪና ዝር የማይልበት የሳይክል መንገድ ሆኗል።

ለእርስዎ የምመርጠው ሞንሳል ትሬል የሚባለውን ነው። ከቤክዌል ከተማ ዳር ተነስቶ ብላክዌል ሚል እስከሚባል ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ የቆመው በ1968 ነው። አራት ረጃጅም ዋሻዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 400 ሜትር ገደማ። ለዓመታት ተዘግተው ኖረው በ2011 ተከፈቱ። ቀን ቀን መብራት አላቸው፣ ሲመሽ ግን ይጠፋል። ትንሽ የሳይክል መብራት ይያዙ። ሹራብም ይያዙ። ሐምሌ ላይ እንኳ ወደ ዋሻው ሲገቡ ፍሪጅ የተከፈተብዎት ነው የሚመስለው፤ ከጣራው ጠብ የሚል ውሃ አንገትዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከቤክዌል በኩል ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ሄድስቶን የሚባለውን ነው። ጨለማውን ጨርሰው ብርሃን ላይ ብቅ ሲሉ ግራና ቀኝዎ መሬት የለም፤ በቀጥታ ድልድይ ላይ ነዎት። ዋይ ወንዝ ከሥርዎ ታጥፎ ይሄዳል። እኔ እዚያ ቆሜ ፎቶ ሳላነሳ ያለፍኩበት ቀን የለም፤ ስልኬ ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ብልሃት ልንገርዎ። ከቤክዌል በኩል ይጀምሩ። ሃሶፕ በሚባለው የድሮ ባቡር ጣቢያ ሳይክል ይከራያል፣ ቡናም አለ። መንገዱ ወደ ብላክዌል ሚል ሲሄድ ሳይታወቅ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጉልበት የሚጠይቀው ገና ሳይደክምዎት ነው፤ ሲመለሱ መንገዱ ራሱ ይገፋዎታል። መጨረሻው ድረስ የመሄድ ግዴታ የለብዎትም፤ ሲበቃዎት ዞር ማለት ነው። የሳይክሉን ኮርቻ ዝቅ ያስደርጉ፤ ተቀምጠው ሁለቱም እግርዎ መሬት ይርገጥ። በዚህ አገር የቀኝ እጅ ፍሬን የፊት ጎማውን ነው የሚይዘው፤ እሱን ብቻ በድንገት እንዳይጨብጡት።

«ወንድሜ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች፤ ሳይክል ነድታ አታውቅም። ሁለቱንም ቤት ትቼ መውጣት አልፈልግም።» (ከበርሚንግሃም)

መተው የለብህም። ፓርስሊ ሄይ ሂድ። ሁለት የድሮ ባቡር መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ቲሲንግተን ትሬልና ሃይ ፒክ ትሬል። ፓርኩ ራሱ የሚያስተዳድረው የሳይክል ኪራይ እዚያ አለ። በእጅ የሚዘወር፣ ባለ ሦስት እግር፣ ሁለት ሰው የሚነዳው ታንደም፣ እንደዚህ ያሉ ሳይክሎች ይገኛሉ። ብዙ ስላልሆኑ ቀድመህ ደውለህ አስይዝ። የወንድምህንም ሁኔታ በስልክ ንገራቸው፤ የሚስማማውን እነሱ ይመርጡለታል።

ለእማማ ታንደም ነው። አንተ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። መሪም ፍሬንም አንተ ጋ ነው፤ እሷ ፔዳሉን አብራ መርገጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ግን አንድ ነገር አስረዳት፦ ሁለቱ ፔዳሎች በአንድ ላይ ነው የሚዞሩት፤ ደከመኝ ብላ እግሯን በድንገት ላቁም ብትል ሁለታችሁም ትንገዳገዳላችሁ። ልታቆሙ ስትሉ ተነጋገሩ። ነጠላዋንም ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ትሰረው፤ የነጠላ ጫፍና የሳይክል ካቴና ሲገናኙ አይቻለሁ።

አሁን ስለ አቅጣጫው። ቲሲንግተን ትሬል ከፓርስሊ ሄይ እስከ አሽቦርን 21 ኪሎ ሜትር ነው። ፓርስሊ ሄይ ላይኛው ጫፍ ነው። ወደ አሽቦርን ሲሄዱ ቁልቁለቱ አይታወቅም፤ «እንዴት ጎበዝ ሆንን» ያሰኛል። ሂሳቡ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ሂዱና ተመለሱ፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ባቡር ዳገት አይወድም ያልኩት ደግሞ እዚህ ሰፈር ላይ ያሳፍረኛል። ሃይ ፒክ ትሬል የተሠራው ግንባታው በ1831 ባለቀ ጥንታዊ መስመር ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ባቡር አቅም ስላልነበረው ተዳፋቱ ላይ ፉርጎዎቹን በቆመ የእንፋሎት ሞተር እየጎተቱ ነበር የሚያወጧቸው። እነዚያ ተዳፋቶች አሁንም አሉ። ሚድልተን አጠገብ ያለው በየስምንት ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። በእጅ የሚዘወር ሳይክል ወይም ታንደም ይዛችሁ ወደዚያ ጫፍ አትሂዱ። ከፓርስሊ ሄይ አካባቢ እስካልራቃችሁ ድረስ ችግር የለም።

«ለንደን ምግብ አመላላሽ ነኝ። በቀን 80 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። የልጆች መንገድ አትንገረኝ፤ ዳገት ስጠኝ።»

እሺ ጎበዝ። ካስልተን መንደር አጠገብ ዊናትስ ፓስ የሚባል አለ። በሁለት ገደል መካከል የሚወጣ ጠባብ አስፋልት ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ የሚያዘነብል ቦታ አለው። የመጨረሻውን ማርሽ አስገብተህም ፊት ጎማህ ብድግ ብድግ ይላል። ወርደህ ብትገፋ የሚስቅብህ የለም፤ በጎቹ ለምደውታል። ረዘም ያለ ከፈለግህ ሆልም ሞስ ውጣ። ጫፉ 524 ሜትር ነው፤ በ2014 ቱር ደ ፍራንስ የሚባለው የሳይክል ውድድር ከዮርክ ወደ ሼፊልድ ሲመጣ በዚያ አልፏል። ከፍታው ለእኛ አገር ሰው ሳቅ ነው፤ አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ አያጥርህም። የሚጥልህ ነፋሱ ነው።

ስኔክ ፓስን ሁሉም ይጠቅሱልሃል። መልኩን አልክድም። ግን ዋና የመኪና መንገድ ነው፤ መኪኖቹ ይፈጥናሉ፣ ሸሽተህ የምትቆምበት ዳር የለህም። እኔ አልመክረውም።

ደግሞ ሳይክልህ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሕጉን እወቅ። ሞተሩ ከ250 ዋት፣ እገዛው በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። ተነካክቶ ከዚያ በላይ የሚሄድ ከሆነ በሕግ እንደ ሞተር ሳይክል ነው የሚቆጠረው፤ የገጠሩን የሳይክል መንገድ እርሳው። ባትሪውም ዳገት ላይ ሲሆን ለንደን ላይ የለመድከውን ያህል አይቆይም።

«የእግረኛ መንገድ ላይ ብነዳ ይቀጡኛል ወይ?» (ከሊድስ)

ቅጣቱ ይቅርና መብት የለህም። ምልክቱን እይ። ቢጫ ቀስት የእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ ቀስት የፈረስ መንገድ ነው፤ ከ1968 ጀምሮ ሳይክልም ይፈቀድበታል፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እየሰጠህ። ፈረስ ከኋላ ስትደርስበት ደወል አታድርግ፤ ይደነብራል። ከሩቅ «ሃሎ» በል፤ የሰው ድምፅ ያረጋጋዋል።

«የ7 ዓመት ልጄ ገና መለማመዷ ነው። አስፋልት ሆኖ መኪና የሌለበት አለ?» (ከሼፊልድ)

ቅዳሜና እሁድ ደርወንት ግድብ አጠገብ ወዳለው ፌርሆልምስ ይውሰዷት። ከዚያ ወደ ላይ በደርወንትና በሃውደን ግድቦች ምዕራባዊ ዳርቻ የሚሄደው መንገድ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል ቀን ለመኪና ዝግ ነው። በውሃው ዳር፣ በጥድ ጥላ ሥር ነው የምትነዳው። ዙሪያውን እንዙር እንዳትሉ ግን፤ ምሥራቁ በኩል ኮሮኮንች ነው። በሄዳችሁበት ተመለሱ። ታሪክ ለሚወድ ሰው፦ ከታች ባለው በሌዲባወር ግድብ ውሃ ሥር ደርወንት የሚባል መንደር ሰጥሟል። በደርወንት ግድብ ላይ ደግሞ በ1943 የእንግሊዝ አየር ኃይል የጀርመን ግድቦችን ለመምታት ልምምድ አድርጓል።

«ጎማ ቢፈነዳብኝስ? እዚያ ጎሚስታ አለ?» (ከኖቲንግሃም)

የለም። ራስህ ነህ ጎሚስታው። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት ፕላስቲክ፣ የእጅ መንፊያ። ሦስቱን ቦርሳህ ውስጥ አድርግ፣ ቤትህም አንድ ጊዜ ተለማመድ።

የኔን ጉድ ልንገርህ። አንድ እሁድ እዚያው ሃውደን ጫፍ ላይ ተነፈሰብኝ። አልደነገጥኩም፤ ትርፍ ይዣለሁ። ጎማውን አወለቅሁ፣ አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን ከካርቶኑ ስመዘው ቫልቩ ወፍራም ነው፣ የመኪና ዓይነት። የቸርኬዬ ቀዳዳ ደግሞ ቀጭኑን ብቻ ነው የሚያስገባ። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሳይክል ገፋሁ። ዛሬ ተነስና የራስህን እይ።

«በፍልሰታ ሄዘሩ ያብባል ሲሉ ሰማሁ። ግን ጾም ነው። እንዴት ይሆናል?» (ከለንደን)

ትክክል ሰምተዋል። ነሐሴ 1 እዚህ ኦገስት 7 ነው፤ ሙሩ ሐምራዊ የሚሆነውም ያኔ ነው። እስከ 9 ሰዓት ከጾሙ፣ ባዶ ሆድዎን ዳገት አይጀምሩ። ቀምሰው ይውጡ፤ በዚያ ወቅት ጀንበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ግድም ስለሆነ በቂ ጊዜ አለ። ኪስዎ ውስጥ ቆሎና ተምር ይኑር፣ ውሃም። ካፌ ከገቡ «ቪገን» ይበሉ፤ የጾም ማለት ነው። ቤክዌል ላይ ግን በመስኮት የሚያዩት ዝነኛው የቤክዌል ፑዲንግ እንቁላልና ቅቤ አለበት። ከነሐሴ 16 በኋላ ይመለሱለት፤ አበባውም ገና አይረግፍም።