«ልጄ ዊካ ነኝ ትላለች፤ ሰይጣን ማምለክ ነው?» ለምትለው የኮምቦልቻ እናት

አይደለም። በዊካ እምነት ሰይጣን የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። አንገቷ ላይ ያየሽው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብም ለዊካ ተከታዮች መሬትን፣ አየርን፣ እሳትን፣ ውሃንና መንፈስን ይወክላል።

እምነቱ ብዙ ዕድሜ የለውም። እንግሊዝ አገር ጄራልድ ጋርድነር የሚባል ሰው በ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ) አደባባይ ያወጣው ነው። አብዛኞቹ አንዲት ሴት አምላክና አንድ ወንድ አምላክ ያከብራሉ። የወቅቶችን መፈራረቅ ተከትለው በዓመት 8 በዓላት አሏቸው። አስማት የሚሉትም አላቸው፤ ሻማ አብርተው ምኞታቸውን በሥርዓት ይናገራሉ። ብዙዎቹ የሚመሩበት ደንብ ግን ማንንም አለመጉዳት ነው። ማኅበር ሳይኖራቸው ብቻቸውን የሚከተሉም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ልጅሽ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን መሆኗ አያስደንግጥሽ።

ዛሬ ማታ እንዲህ ጠይቂያት፦ «ምኑ ነው የሳበሽ?» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። መስማት መስማማት አይደለም። የራስሽን እምነትም ሳትደብቂ ንገሪያት። እኛ ወሎዬዎች ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት ያደግን ሰዎች ነን፤ ይሄ አያቅተንም።

ደሴ ሳስተምር ደጋግሜ ካየሁት አንድ ማሳሰቢያ፦ ነገሩን ጎረቤት ቡና ላይ እንዳታነሺው። «ጠንቋይ» የሚል ስም አንዴ ከወጣባት ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላታል፤ እንዲህ ስም የወጣበት ልጅ ደግሞ ለወላጁ ምንም መናገር ያቆማል። በኢንተርኔት «አስተምርሻለሁ» ብሎ ገንዘብ ወይም ፎቶ የሚጠይቃት ሰው ካለ ግን ያኔ ሳትውይ ሳታድሪ ጣልቃ ግቢ።