የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ያረጁ የብራቾ ቡሾችን በቤት መቀየር

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራች ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ። ጉድጓድ ላይ ታንኳኳለች፤ በመታጠፊያም ትዋልላለች። የብራቾ ቡሾቿን (ቸርኬውን ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያይዙት ክንዶች መገጣጠሚያ ላይ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች) ራሴ ብቀይር ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ መኪናዎ በአራቱም ቸርኬዎች በኩል የላይና የታች ብራቾ ስላላት፣ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ የላስቲክ ቡሾች መድረቃቸውና መሰንጠቃቸው የሚጠበቅ ነው። በክሪክ ካነሷት በኋላ በካቫሌቶ (መኪና በሚደገፍበት የብረት መቆሚያ) ሳያስደግፉ ከሥሯ አይግቡ፤ ሞላው ታምቆ ስለሚቀመጥም፣ በሞላ መጭመቂያ ሳይዙት የአሞርዛተሩን (የንዝረት ማብረጃውን) የላይኛውን ዳዶ ፈጽሞ አይፍቱ። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብሎኖቹን አዝጎ ስለሚያጣብቃቸው ከዋዜማው ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይርጩባቸው፤ ከሥራው ሁሉ አድካሚው የዛጉትን ብሎኖች መፍታቱ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን በማጥበቁ ላይ ነው። የላስቲክ ቡሽ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የሚተጣጠፍ እንጂ የሚሽከረከር ስላልሆነ፣ ቸርኬው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትይዝ ቡሹ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ያለ ዕድሜው ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርገው ያስይዟቸውና፣ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትቆም ያጥብቋቸው። የታችኛው ብራቾ ብሎኖች የቸርኬውን አቅጣጫ ስለሚወስኑ፣ ሳይፈቱ በፊት ቦታቸውን ምልክት ያድርጉበት፤ ምልክቱ ግን የሚያገለግለው አላይመንት ቤት (የቸርኬ አቅጣጫ የሚስተካከልበት ጋራዥ) እስኪደርሱ ብቻ ነው።