ስለ ኸርድ ኢሚዩኒቲ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ለብዙ ዓመታት የሠራሁት በክትባትና በወረርሽኝ ቁጥጥር ላይ ነው። ስለ ኸርድ ኢሚዩኒቲ፣ ማለትም ብዙ ሰው መከላከያ ሲኖረው በሽታው መተላለፊያ ስለሚያጣ ላልተከተበውም ስለሚተርፈው የጋራ መከላከል አቅም፣ ያላችሁን ጠይቁ። የግል ሕመም ጥያቄ ግን ለሐኪማችሁ ይሁን።

ሄለን፦ ዶክተር፣ ስንት ሰው ሲከተብ ነው ወረርሽኝ የሚቆመው?

መልስ፦ የቱ ወረርሽኝ? በሽታው ሳይታወቅ ቁጥር የለም። ወሳኙ አንድ ታማሚ መከላከያ በሌለው ሕዝብ ውስጥ ለስንት ሰው ያስተላልፋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ኮቪድ ለ2 ወይም ለ3 ሰው ይተላለፍ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ መከላከያ ካላቸው የሚያዘው አንድ ብቻ ነው፤ ወረርሽኙ መስፋፋቱን ያቆማል። 67 በመቶ ገደማ የሚባለው ገደብ ከዚህ የመጣ ነው።

ኩፍኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል። ባዶ ክፍል ገብቶ የሚያዝ ልጅ አለ። ስለዚህ 95 በመቶ ያህል መከተብ አለበት። «90 ደርሰናል፣ ጥሩ ነው» ሲባል ስሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም። የቀሩት 10 በመቶዎቹ እኮ ተበታትነው አይኖሩም። አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰበሰባሉ። በሽታው የሚነሳው እዚያ ነው። ለመከተብ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ጨቅላዎች ደግሞ ከእኛ ሌላ መከታ የላቸውም።

ናቲ፦ ታዲያ ሁሉም ተይዞ ቢገላገል አይሻልም?

መልስ፦ በፍጹም! የብራዚሏን ማናውስ አስታውሱ። እስከ ጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሕዝቡ 76 በመቶ ያህሉ በኮቪድ ተይዟል ብለው ተመራማሪዎች ገምተው ነበር። በስሌቱ ከተማዋ ተገላግላለች። ጥር 2021 ላይ ግን ሆስፒታሎቹ ኦክስጅን አለቀባቸው። ቤተሰብ ሲሊንደር ፍለጋ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነበር። ግምቱ የደም ለጋሾችን ናሙና ይዞ የተሠራ ስለሆነ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። የተያዙትም መከላከያቸው በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጋማ የሚባል አዲስ ዝርያ መጣ። ገደቡ ቋሚ አይደለም። ቢደረስበትም በሽታው በዚያው ቀን ቀጥ አይልም። በዚያ ሰዓት የታመሙት ብዙ ከሆኑ፣ እየቀነሰም ቢሆን ብዙ ሰው ይይዛል፤ ይገድላልም።

ብሩክ፦ ስዊድንስ? በኮቪድ ጊዜ እንቅስቃሴ አልዘጋችም እኮ።

ማርታ፦ የአረጋውያን መኖሪያዎቹንስ ምን ልትል ነው? ራሷ ያቋቋመችው ኮሚሽን አረጋውያንን መጠበቅ አልተቻለም ብሏል።

ብሩክ፦ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ግን ክፍት ነበሩ። እሱን ለምን አታነሺም?

ማርታ፦ ኒውዚላንድን እይ እስቲ!

መልስ፦ ሁለታችሁም ከጥያቄው ወጣችሁ። የስዊድን ባለሥልጣናት ኸርድ ኢሚዩኒቲ ግባችን ነው አላሉም። ኒውዚላንድ ድንበሯን ዘግታ ያተረፈችው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሕዝቧ የተከተበው ቫይረሱ በስፋት ሳይገባ በፊት ነው። በዚሁ ይብቃ።

ሰላም፦ ክትባት ጥሩ ነው?

መልስ፦ የትኛው ክትባት? ለየትኛው በሽታ? እባካችሁ ለይታችሁ ጠይቁ።

ዮናስ፦ ስለ ማስክስ?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ካሌብ፦ ስንት ፐርሰንት ሲደርስ ነው የምንድነው?

መልስ፦ ለሄለን የመለስኩትን አንብብ። ደግሜ ልንገርህ፣ ገደቡ ቋሚ አይደለም!

ትዕግስት፦ የሌሎች መከተብ ሁልጊዜ ለእኔ ይተርፋል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። አይተርፍም። መንጋጋ ቆልፍ በቁስል የሚገባው ከአፈር ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አገር ምድሩ ቢከተብ ላልተከተበው አይጠቅመውም።

ራሄል፦ ፈንጣጣ እንዴት ጠፋ?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መጥፋቱን ያወጀው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በጅምላ ክትባት ብቻ አልሆነም። ሠራተኞቹ የታማሚ ፎቶ ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ይላሉ። ሲገኝ እሱን ይለዩና በዙሪያው ያሉትን በሙሉ ይከትባሉ። የፈንጣጣ ሽፍታ ፊት ላይ ስለሚታይ ይህ ተቻለ። ኮቪድ ግን ሰው ገና ምልክት ሳያሳይ ይተላለፋል። የከበደንም ለዚህ ነው።