የሰው ዜማ በራስ ጉሮሮ፦ ፖሊስና ፍትሕ ውስጥ ለምትገቡ ልጆች

ለፖሊስነት የምትሠለጥኑ፣ ሕግ የምታጠኑ፣ ዐቃቤ ሕግነት የጀመራችሁ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «የማንን አገር ሥርዓት ብንቀዳ ይሻላል?» ትላላችሁ። አንዱ ጃፓን ይላል፣ ሌላዋ ኖርዌይ ትላለች። ክርክሩ አንዳንዴ የኳስ ቡድን ድጋፍ ይመስላል።

እኔ ብዙ ዘመን የወንጀል ችሎት ዳኛ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጊዜዬን የሚበሉት የድሮ የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው። ማን ከማን ወሰደ፣ ምኑን ለወጠ፣ ምኑን ጣለ እያልኩ መከታተል ሱስ ሆኖብኛል። ለጥያቄያችሁ መልስ ሳሰላስል ችሎቱና ዘፈኑ እየተደባለቁ አስቸገሩኝ። እንደተደባለቁ ልጻፈው፣ አትፍረዱብኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በመጀመሪያ፣ መቅዳት ነውር አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ በሕዝብ ዘፈን ዓለም ግን በደንብ ያደምቃል። ዘፈን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አንዱ ዜማውን ይወስዳል። ሌላው ግጥሙን ይለውጣል። ሦስተኛው አንድ ስንኝ ይረሳና በራሱ ይሞላዋል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ምሁር ቻርልስ ሲገር ለዚህ ነገር «የሕዝብ ሂደት» የሚል ስም አወጣለት፤ ዘፋኙ ልጁ ፒት ሲገር ደግሞ በየመድረኩ አስተዋወቀው። አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፋኝ ዉዲ ጋትሪም ያን አሜሪካኖች እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር የሚቆጥሩትን ዘፈኑን የጻፈው የካርተር ቤተሰብ የተባለው የዘፈን ቡድን ቀድሞ ባስቀረጸው መንፈሳዊ መዝሙር ዜማ ላይ ነው። ማንም ሌባ አላለውም።

የፖሊስ ነገርም ከዚህ አይርቅም። «ፖሊስ ሕዝብ ነው፣ ሕዝብም ፖሊስ ነው» የምትለዋን አባባል በየሥልጠናው ትሰማላችሁ። ባለቤቷ በ1829 የለንደንን ፖሊስ ያቋቋመው ሮበርት ፒል ነው ይባላል። «ዘጠኙ የፒል መርሆዎች» በየፓወርፖይንቱ ይለጠፋሉ። ታሪክ አጥኚዎች ግን ፒል እነዚህን ዘጠኝ ነጥቦች ስለመጻፉ ማስረጃ አላገኙም። በዛሬው መልካቸው ያቀናበራቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ቻርልስ ሪት የሚባል የፖሊስ ታሪክ ጸሐፊ ነው። ከፒል ዘመን መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ይህን ሳውቅ መርሆዎቹን አልናቅኳቸውም። እንዲያውም የበለጠ ወደድኳቸው። እንደ ሕዝብ ዘፈን በብዙ እጅ የታሹ ናቸው። ግን አንድ አሠልጣኝ «ፒል እንዲህ ብሏል» ብሎ ክርክር ሊዘጋባችሁ ሲሞክር እሺ ብላችሁ አትቀመጡ። መርሁ እዚህ ጣቢያ፣ በዚህ ፈረቃ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁት።

አበዳሪ የምትሏቸው አገሮች ራሳቸው ተበዳሪ ናቸው። ጃፓንን ተመልከቱ። በ1872 ካዋጂ ቶሺዮሺ የተባለ ሹም የፖሊስ ሥርዓት ሊያይ ወደ አውሮፓ ተላከ። የፈረንሳዩ ማረከው። በ1874 የቶኪዮ ፖሊስ ሲቋቋም የመጀመሪያው አዛዥ እሱ ሆነ። እያደር ጃፓኖች የሰፈር ፖሊስ ቤታቸውን፣ ኮባንን፣ አሳደጉ። በ1983 ደግሞ ሲንጋፖር ኮባንን ከጃፓን ወሰደች። የማን ዜማ ነው እንግዲህ?

ኮባን ውስጥ ያለ ፖሊስ መንገድ ለጠፋበት ያሳያል፤ የወደቀ ቦርሳ ይረከባል፤ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ያነጋግራል። ለጉብኝት የሄደ ሰው ፎቶ የሚያነሳው ግን ቤቷን ነው። ቤቷን መሥራት ቀላል ነው። በጀት ይያዛል፣ ሪባን ይቆረጣል። አንድን ፖሊስ አንድ ሰፈር ውስጥ አላምዶ ማቆየት ነው ጣጣው። ማንንም ያላሠረበትን ቀን እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮ መመዘን ነው ጣጣው። ዘፋኝም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚከብደውን ስንኝ ዘሎ አዝማቹን ይደጋግማል። ሰውም ያጨበጭባል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ቃል ስለመቀበል ነው።

በዳኝነት ዘመኔ ብዙ የእምነት ቃል አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ፣ «ከላይ በተጠቀሰው ዕለትና ሰዓት ከግብረ አበሬ ጋር በመሆን ድርጊቱን ሆን ብዬ ፈጽሜያለሁ» ይላል። ይህ ልጅ እንዲህ አያወራም። አቁማችሁ «ምን ሆነ?» ብትሉት «እኔንጃ፣ ሄድን፣ ከዛ እሱ መታው» ነው የሚላችሁ። «ግብረ አበር» የሚለውን ቃል ከዚያ ወረቀት በፊት ሰምቶትም አያውቅ ይሆናል።

«ምን አለበት፣ ሐሳቡ ያው ነው» የሚል መርማሪ አይጠፋም። አይደለም! «ሄድን» እና «ተስማምተን ሄድን» መሀል የብዙ ዓመት እስር አለ። «ሆን ብዬ» የምትለዋ ቃል የወንጀሉን ዓይነት ትለውጣለች። መርማሪው ክፋት ላይኖረው ይችላል። ዓረፍተ ነገር ማሳመሩ ነው፤ የቢሮ ልማድ ነው። የልጁ ጉሮሮ ግን ከወረቀቱ ላይ ጠፋ።

የዘፈን ሰብሳቢዎችም ይህ አመል ነበራቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው ቄስ ሳቢን ቤሪንግ-ጉልድ ዴቨንና ኮርንዎል ውስጥ ከሽማግሌ ዘፋኞች ዘፈን ሰበሰበ። ሲያሳትም ግን ብልግና የመሰለውን ግጥም አጠበ፤ አንዳንዱንም ራሱ ጽፎ ተካ። ሆኖም የእጅ ጽሑፉን አስቀምጧል። ስለዚህ ዘፋኙ ያለውንና ቄሱ ያሳተመውን ዛሬ ማወዳደር ይቻላል። እኔ ዳኛ ሆኜ የምመኘው ይህንኑ ነበር። መርማሪው አሳምሮ ይጻፍ፣ ግድ የለም፤ ግን ዋናው ድምፅ የት አለ?

የዴሬክ ቤንትሊን ጉዳይ አንብቡ። ለንደን ነው። የ16 ዓመት ጓደኛው አንድ ፖሊስ ተኩሶ ገደለ። ጥይቱ ሲተኮስ ቤንትሊ በፖሊስ እጅ ገብቶ ነበር። ጓደኛው ለዕድሜው ተብሎ ከስቅላት ተረፈ። ቤንትሊ ግን በ1953 በ19 ዓመቱ ተሰቀለ። ፖሊሶቹ ቃሉን ያለ ጥያቄ ራሱ ተናግሮ እንዳስጻፈ መስክረው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የቋንቋ ሊቁ ማልኮም ኩልታርድ ያንን ቃል መረመረው። 582 ቃላት ናቸው። በውስጡ «ከዚያ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል 10 ጊዜ ትመጣለች። ያውም ተራ ሰው በሚያስቀምጣት ቦታ ሳይሆን የፖሊስ ሪፖርት በሚያስቀምጣት ቦታ፣ «እኔ» ከሚለው ቀጥላ። ወረቀቱ ላይ ከልጁ ጋር ሌላ ሰው ይናገር ነበር ማለት ነው።

ፍርዱ የተሻረው በ1998 ነው። እውነቱን ለመናገር ዋናው ምክንያት የቃሉ ጉዳይ አልነበረም። የችሎቱ ዳኛ ጥፋተኛነትን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ለጁሪው፣ የሰጠው ማጠቃለያ ሚዛን የሳተ ስለነበር ነው። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቱ ሁሉ የፖሊስ እንዳይመስላችሁ ነው። እኛም ካባ ለብሰን እናጠፋለን።

በዚያው አገር በቦምብ ጥቃት በ1975 የተፈረደባቸው ስድስቱ የበርሚንግሃም ሰዎች 16 ዓመት ታስረው በ1991 ተለቀቁ። እዚያም ክሱ ካረፈባቸው ምሰሶዎች አንዱ ፖሊስ ጣቢያ የተገኘ የእምነት ቃል ነበር። እንዲህ ያለ ቅሌት ሲደራረብ ነው ለውጥ የመጣው። በ1984 የወጣው ሕግ ምርመራው በቴፕ እንዲቀረጽ መንገድ ከፈተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዲስ የአጠያየቅ ዘዴ ገባ። መርማሪው ቀድሞ ይዘጋጃል። ዓላማውን ለተጠርጣሪው ያስረዳል። ሰፊ ጥያቄ ይጠይቅና ያዳምጣል። ያገኘውን ከሌላ ማስረጃ ጋር ያመሳክራል። «አምኗል ወይ?» መባሉ ቀርቶ «ምን ተገኘ?» ይባላል።

ኖርዌይ ይህን ወሰደች። ስም ቀየረችለት፣ ከራሷ ሕግ ጋር አዋደደችው፣ አሠልጣኞቿን አዘጋጀች። ከባዱን ስንኝ ማለትም ማዳመጡን አልጣለችም። ያ ሐሳብ ቀስ እያለ ተጉዞ በ2021 በቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር በኁዋን ሜንዴዝ ስም የሚጠሩት ዓለም አቀፍ የምርመራ መርሆዎች ውስጥ ገባ። ጥሩ ቅጂ ምን እንደሚመስል ለጠየቃችሁኝ የማሳያችሁ ይህንን ነው።

እናንተ ጣቢያ ካሜራ ተገዝቶ ከሆነ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አጣሩ። ካሜራው የሚበራው መቼ ነው? ልጁ ክፍሉ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ነው ወይስ «ካመነ» በኋላ? ሁለተኛው ከሆነ የተቀረጸው አዝማቹ ብቻ ነው።

ዘፈን ካነሳን አይቀር የአሜሪካዊውን የሕዝብ ዘፋኝ የሌድ ቤሊን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቴክሳስ ውስጥ በነፍስ ግድያ ከ7 እስከ 35 ዓመት ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። አገረ ገዢው ፓት ኔፍ እስር ቤቱን ሲጎበኝ ጊታሩን ይዞ ምሕረት በዘፈን ለመነው። በ1925 ኔፍ ሥልጣን ሲለቅ ይቅርታ አደረገለት። ሌድ ቤሊ ኋላ ሉዊዚያና ውስጥ በሌላ ወንጀል ታሰረ። በ1933 ዘፈን ሰብሳቢዎቹ ጆን ሎማክስና ልጁ አለን መቅረጫቸውን ጭነው አንጎላ የተባለው እስር ቤት ድረስ ሄደው አገኙት። በ1934 ሲፈታ «አሁንም ዘፈኑ አስፈታው» ተብሎ ተወራ። የእስር ቤቱ ሹም ግን የተፈታው በመልካም ጠባይ ቅናሽ ነው ብሏል።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን እንደ ዳኛ ሳስበው ይጎረብጠኛል። ጊታር መምታት የማይችለውስ? ድምፁ ሻካራ የሆነውስ? የገዢው ጉብኝት ቀን የታመመውስ? በሰው ደስ መሰኘት ላይ የተንጠለጠለ ምሕረት ለአንዱ ተአምር ነው፣ ለቀሩት ዕጣ ነው። ለዚህ ነው የአመክሮና የይቅርታ መስፈርት በጽሑፍ ይኑር፣ እምቢ የተባለ ሰውም ምክንያቱ ይነገረው ብዬ ስጨቀጭቅ የኖርኩት። አሰልቺ ሥራ ነው። ማንም ዘፈን አያወጣለትም። እናንተ ግን ሥሩት።

ሌላው የብድር ነገር ባለቤቱን መርሳት ነው። ሰለሞን ሊንዳ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በ1939 የቀረጸው ዘፈን ዓለምን ዞረ፤ ለሌሎች ብዙ ገንዘብ አስገኘ። እሱ መብቱን የሸጠው በ10 ሺሊንግ ነበር። በ1962 በድህነት ሞተ። ልጆቹ በስምምነት ድርሻቸውን ያገኙት በ2006 ነው።

በፍትሕ ሥራም ይህ አለ። ኒውዚላንድ በ1989 ባወጣችው ሕግ ጥፋት የሠራ ልጅ ጉዳይ ቤተሰቡና ተጎጂው በተገኙበት እንዲመከርበት አደረገች። ሐሳቡ ብዙ የወሰደው ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከማኦሪዎች፣ ልማድ ነው። ሌሎች አገሮች ወደዱት። በ1991 በአውስትራሊያዋ ዋጋ ዋጋ ከተማ ጉባኤውን ራሱ ፖሊስ እየመራው ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝም ተሻገረ። በመንገድ ላይ ቤተሰቡ የነበረበትን ወንበር ፖሊስ ያዘው። የማኦሪ ምሁራን «ስማችንን ይዛችሁ ሥልጣኑን ለመንግሥት መለሳችሁት» ዓይነት ትችት ማሰማታቸው አይገርምም። እኔ በፖሊስ የሚመራ ጉባኤ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ከክስ መዝገብ ይሻላል፣ ብዙ ጊዜ። ግን «ከማኦሪዎች የተወሰደ» ብሎ ከለጠፉ በኋላ ማኦሪዎቹን አለመጠየቅ ደስ አይልም።

ስለዚህ የሚመጣው ወር ወርክሾፕ ላይ ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ ሲታደላችሁ ቀድማችሁ አታጨብጭቡ፣ ቀድማችሁም አታጣጥሉ። መጀመሪያ ከማን ጋር እንደተሠራ ጠይቁ። እዚያ አገር ሥራ ላይ ሲውል ማን እንደተቃወመውም ጠይቁ፤ የተቃወመው ሰው ብዙ ጊዜ ከባዱን ስንኝ ያውቀዋል። ወደ እናንተ ሲመጣ ምን እንደተቀነሰ ፈልጉ። በጀት ስለሌለ ነው የተቀነሰው ወይስ አለቃ ስላልወደደው?

መመሪያው እስኪመጣ ደግሞ አንድ የተዘጋ መዝገብ አውጡ። የተከሳሹን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በተለይ ሁለት ሆናችሁ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ልጁ የተናገረው በሚመስላችሁ ሥር በእርሳስ አስምሩ፤ ጸሐፊው የጨመረው የመሰላችሁን ክበቡት። መዝገቡ ላይ ሳይሆን ኮፒው ላይ፤ ሬጅስትራሩ እንዳይጣላችሁ። ከዚያ የፍርዱን ገጽ ገልጣችሁ ልጁ የተቀጣው በየትኛው ቃል እንደሆነ እዩ።