በጾም ፕሮቲን ያለው የቀዘቀዘ ቸኮሌት መብላት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ጂም እሠራለሁ፤ ሐኪሜም ፕሮቲን እንዳበዛ ነግሮኛል። በጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለማልበላ ቤቴ ውስጥ የቀዘቀዘ ቸኮሌት መሥራት ጀመርኩ። ሙዝ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ካካዎና ፕሮቲን ፓውደር ፈጭቼ፣ ቸኮሌት አልብሼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጓደኛዬ አይታ «ይሄማ ድግስ እንጂ ጾም አይደለም» አለችኝ። ፓውደሩ ላይ ደግሞ «ዌይ» የሚል ቃል አለ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ ፍሪዘሩን ከፍቼ ቆሜ ነው የምበላው። ከበላሁ በኋላ ልቤ ይከብደኛል። ጾሜን እያፈረስኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። የማታውንም ሳትደብቂ ስለጻፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። እሱ ባይኖር መልሴ ግማሽ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ከፓውደሩ እንነሣ። ዌይ ማለት አጓት ነው። ወተት ረግቶ አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ውኃ ማለት ነው። ፋብሪካው ያንን አጣርቶና አድርቆ ዱቄት ያደርገዋል። ደረቀም አልደረቀም ወተት ነው፤ ስለዚህ ለጾም አይሆንም። «ካዜይን» የሚባለውም የወተት ፕሮቲን ነው። «ኮላጅን» እና «ጄላቲን» ደግሞ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጡ ናቸው።

አንድ ጊዜ ከጉባኤ በኋላ አንድ ወጣት ትልቅ ጣሳ አቅፎ መጣ። ከፊት ለፊት የሚታየው የቸኮሌት ሥዕል ብቻ ነው። ጣሳውን አዙረን፣ በስልኩ መብራት ደቃቁን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብነው። የመጀመሪያው ቃል ዌይ ነበር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠጣው ነበር» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ቀን የነገርኩትን ላንቺም እነግርሻለሁ። ሳያውቁ የበሉት አውቀው ከጣሱት ጋር አንድ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽን ፈጽሚ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን እያነሣሽ ራስሽን አታሠቃዪ።

በምትኩ የአተር ወይም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ያዢ። ሁለቱም ከጥራጥሬ የሚወጡ ናቸው። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው 10 ቀን የተፈተኑት በጥራጥሬና በውኃ ነበር፤ ፊታቸውም ከሌሎቹ አምሮ ታየ። ስለዚህ «ያለ ሥጋ አቅም የለም» ለሚልሽ ሰው መልስ አለሽ።

ቸኮሌቱንም እይው። ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስብ ይገባበታል። «ካካዎ ቅቤ» የሚል ስታዪ ግን አትደንግጪ። ስሙ ቅቤ ይባል እንጂ ከካካዎ ፍሬ የሚጨመቅ ስብ ነው፤ ላም አታውቀውም። የለውዝ ቅቤም እንደዚያው ነው። «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በዋናነት አለርጂ ላለባቸው ሰዎች የሚጻፍ ነው። ወተት ተጨምሮበታል ማለት አይደለም። በእኔ እምነት በዚህ ላይ ሰላምሽን ባታጪ ይሻላል።

ባለቤቴ የምትሠራውን ልንገርሽ። በደንብ የበሰሉ 2 ሙዞች ቆራርጣ ቀድማ ታቀዘቅዛለች። ከ3 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 30 ግራም የአተር ፕሮቲን፣ 2 ማንኪያ የካካዎ ዱቄትና ግማሽ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ጋር ትፈጨዋለች። ለ6 ታካፍለውና ድንጋይ እስኪሆን ፍሪዘር ውስጥ ታቆየዋለች። ከዚያ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት በእንፋሎት ታቀልጣለች። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዲት የውኃ ጠብታ ከገባችበት ቸኮሌቱ ይጓጉልና እንደ ጭቃ ይሆናል። ሳህኑም ማንኪያውም ደረቅ መሆን አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ጣል ስታደርግበት ሽፋኑ ስስ ይሆናል፤ ሲነከስም ብዙ አይፈረካከስም። የቀዘቀዘውን ነክራ ስታወጣው ቸኮሌቱ ዓይንሽ እያየ ይደርቃል።

አንዱ ፍሬ ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ ከአንድ እንቁላል ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። ስፖርት የሚሠራ ሰው ከዚያ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያንን ሐኪምሽ ያውቃል። ያም ሆኖ ዋናው ፕሮቲንሽ ከማዕድሽ ላይ ከምስር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ይምጣ። ይሄ ደጋፊ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እንምጣ። «ድግስ ነው» ማለቷ ቅር አሰኝቶሻል። ነገር ግን ቃሏን ቶሎ አትጣዪው። በቸኮሌትና በጾም ላይ ሰው መከራከር የጀመረው ዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 በማድሪድ «ቸኮሌት ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም?» በሚል ጥያቄ ላይ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ታትሟል። የዚያን ጊዜው ቸኮሌት የሚጠጣ ስለነበር ክርክሩ «መጠጥ ነው ወይስ ምግብ?» የሚል ነበር። የኛ ጥያቄ ግን ከዚያ ጠለቅ ይላል።

ዳንኤልን አንሥተናል። ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሲያዝን ከሥጋና ከጠጅ ብቻ አልነበረም የተከለከለው። «ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም» ይላል። ማለፊያ የሚለውን ቃል አስተውዪው። የተፈቀደውን እህል እንኳ ጣፋጩን ትቷል። ጾም ከምግብ ዓይነት መከልከል ነው፤ እስከ ሰዓቱ መቆየት ነው፤ የምላስን ፍላጎት መግታትም ነው። የመጀመሪያውን አሟልተሽ ሦስተኛውን ልትረሺ ትችያለሽ። የብዙዎቻችን ድካም እዚያ ላይ ነው። ቅቤውን ትተን ቅቤ የሚያስረሳ ነገር ስንፈልግ እንውላለን።

ታዲያ አትብዪው ማለቴ ነው? አይደለም። አካልሽን መጠበቅ ስንፍና አይደለም፤ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው። ሐዋርያውም «የምትበሉ ወይም የምትጠጡ ብትሆኑ ወይም ማናቸውንም ነገር ብታደርጉ ሁሉን ለእግዚአብሔር ክብር አድርጉት» ብሏል። እኔን ያሳሰበኝ ቆመሽ፣ በጨለማ፣ ተደብቀሽ መብላትሽ ነው። ልብሽ የሚከብደው በካካዎው አይመስለኝም። ምግብ የሆነ ነገር መደበቂያ አይፈልግም። ፕሮቲን ፈልጌ ነው ካልሽ ምግብ ነው፤ ምግብ ከሆነ ደግሞ ቦታው ማዕድ ላይ ነው። ሰዓትሽ ደርሶ ጾምሽን ስትፈቺ፣ ከምግብሽ ጋር፣ ቤተሰብሽ እያየ አንዱን ብዪ። ቁጭ ብለሽ፣ አማትበሽ። ሁለተኛውን እጅሽ ሲፈልግ ያኔ ነው ጾሙ የሚጀምረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምላሳችን ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጣፋጭነትን በደንብ አይለይም። የቀለጠ አይስክሬም ቀምሰሽ ታውቂ እንደሆነ ምን ያህል ስኳር እንዳለው ይገባሻል። ስለዚህ ስትሠሪው ገና ሳይቀዘቅዝ ቅመሺና ትንሽ ጣፈጥ ካለሽ በቂ ነው፤ ስኳር አትጨምሪበት። 70 በመቶ ካካዎ ያለው ቸኮሌት በ100 ግራሙ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። ለ6 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 5 ግራም ይደርሰዋል፤ ሙዙም የራሱ ጣዕም አለው። ስኳር ካልበዛበት ጠጥሮ ስለሚቀር ከፍሪዘር አውጥተሽ 10 ደቂቃ አቆይው። ያቺን 10 ደቂቃ ለማታ ጸሎት ተጠቀሚባት። ጸልየሽ ስትመለሺ መብላቱን የማትፈልጊበት ቀን ይኖራል። የምትፈልጊበት ቀንም ይኖራል፤ ያኔ በምስጋና ብዪው።

ስኳር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ካነበበ ግን የእኔን ምክር ብቻ ይዞ አይሂድ። ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር።

የገዛሽውን የዌይ ፓውደር አትድፊው፤ ብዙ ብር አውጥተሽበታል። ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊውና እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጪው። የሚያበቃበትን ቀን እይ፤ ከፍስክ በፊት የሚያልፍበት ከሆነ የማይጾም ጎረቤት ወይም የጂም ጓደኛ ካለሽ ስጪ። ካላለፈበት ለፍስክ ይደርስልሻል፤ በዚያው በሙዙ አሠራር ሥሪው።